ኦርጅናል

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎች ጥላ ስር፣ አንዲት አሮጌ ፔጆ 404 ለሽያጭ ስትታይ አጠገቧ ነበርኩ። ባለቤቷ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። “ኦርጅናል ናት፤ ወላሂ እጅ አልነካትም” ይላሉ። ወጣቱ ገዢ ኮፈኑን ቢያስከፍት የቶዮታ ሞተር ቁጭ ብሏል።

“አቦ ጋሼ፣ የቺ እኮ ልቧ ጃፓን ነው!”

ሽማግሌው ቅር አላላቸውም። “ሻንሲውን እይ፤ ፋብሪካ የሠራው ነው። ሞተርማ ያልቃል፣ ይቀየራል።”

ሳቅን። ግን “ያልተነካች መኪና የትኛዋ ናት?” የሚለው ክርክር የድሬ ሻጭና ገዢ ብቻ አይደለም። የመኪና ውድድር ደንብ የሚያወጡ ሰዎችም ከሰባ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል። ወደውም አይደለም። ደመወዙን አጠራቅሞ የገዛትን መኪና ይዞ የመጣ ሰው፣ ጋራዥ ውስጥ ስንትና ስንት ገንዘብ ከፈሰሰባት መኪና ጋር ከተሰለፈ ውድድሩ ሳይጀመር አልቋል።

ጎረቤቶቻችን ያገኙት መላ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ለጫኑበት በዓል መታሰቢያ ተብሎ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ የተጀመረው ራሊ (ሳፋሪ የተባለው) መኪኖቹን የመደበው በሞተር መጠን ሳይሆን በመሸጫ ዋጋቸው ነበር። ርካሹ ከርካሹ፣ ውዱ ከውዱ። በዚያ ዓመት አጠቃላይ አሸናፊ የተባለ እንኳ የለም፤ ሁሉም በየምድቡ ቀረ። ዋጋ ግን እምነት አይጣልበትም። ቀረጥ ሲጨምር መኪናዋ ሳትቀየር ምድቧ ይቀየራል። ኋላ ላይ ምደባው ወደ ሞተር መጠን ዞረ።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ1966 ቆጠራን መረጠ፤ በ12 ተከታታይ ወራት 5,000 ያልተመረተች መኪና ቡድን 1 ውስጥ አትገባም አለ። አሜሪካ ውስጥ በሰፊ መኪና ማቆሚያ ላይ የላስቲክ ኮን ደርድረው የሚወዳደሩ አማተሮች ደግሞ፣ ስሟ በዝርዝር ላልተጻፈ መኪና 1,000 ይበቃል ይላሉ። እነሱ ዘንድ ነገሩ ረቂቅ ነው። አንዱን ዕቃ ፋብሪካው ከገጠመው ይፈቀዳል፤ ያንኑ ዕቃ ሻጩ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከገጠመው አይፈቀድም።

ፋብሪካ የሠራው ሁሉ ታዲያ አንድ ነው? ፔጆ 404 ሳፋሪን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ከ1966 ወዲህ ያሸነፉት 404ዎች ግን ካርቡራተር ሳይሆን ነዳጅ በፓምፕ የሚረጭላቸው ናቸው። እነሱንም ፋብሪካው ራሱ ነበር ለገበያ የሚያወጣቸው። ሐረር በታክሲነት ያረጀችው ካርቡራተራሟ 404 ከእነሱ ጋር ቆዳዋ አንድ፣ ትንፋሿ ሌላ ነው። እኔ ሁለት መኪና ናቸው ባይ ነኝ።

ወደ ከዚራ ልመለስ። ወጣቱ ሊብሬውን ተቀብሎ የሞተር ቁጥሩን አመሳከረ። የተጻፈው የድሮው፣ የፔጆው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ሳቁ ቆመ፤ ቦሎ ሲደርስ ቁጥሩ ካልገጠመ የሚጉላላው ገዢው ነው።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ያስተካክሉት፣ ከዚያ በዋጋው እንነጋገራለን።”

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ።

“የድሮው ሞተር ቤት አለ” አሉት። “እሱንም ልመርቅልህ?”