ማኅፀንን ማን ያዘው?

ግእዝ ለዚህ የአካል ክፍል የሰጠው ስም ገር ነው። «ሐፀነ» ማለት አቀፈ፣ ተንከባከበ፣ አሳደገ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ግስ እቅፍ የሚለው «ሕፅን»፣ ሞግዚት የሚለው «ሐፃኒ»፣ ዛሬም በየቤታችን የምንጠራው «ሕፃን» ወጥተዋል። ማኅፀንም የእነርሱ ወገን ነው፤ በሐመሩ ሐ የሚጽፉት ሰዎች ይህን ዝምድና ጠብቀው ነው። እንግዲህ ቃላችን እንደሚለው ከሆነ ማኅፀን የማቀፊያ፣ የማሳደጊያ ቦታ ነው። ግሪኮች ደግሞ «ሂስቴራ» ይሉታል። ከዚያ ቃል የተወለደችው ልጅ «ሂስቴሪያ» ትባላለች፤ የእርሷ ታሪክ ግን ገር አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ፕላቶ «ቲማዮስ» በተሰኘው ድርሳኑ፣ ማኅፀን በሴት ውስጥ የሚኖር፣ ልጅ የሚናፍቅ ሕያው ፍጥረት ነው ይላል። ጊዜው አልፎ ፍሬ ሳያፈራ ከቆየ ይከፋዋል፤ በሰውነቷ ሁሉ እየተቅበዘበዘ የትንፋሿን መንገድ ይዘጋል፤ ለልዩ ልዩ ደዌም ይዳርጋታል። በሂፖክራጥስ ስም የተሰበሰቡት የሕክምና መጻሕፍትም ማኅፀን ወደ ጉበት፣ ወደ ልብ፣ አልፎ ተርፎም ወደ ራስ እንደሚወጣ ይተርካሉ። ፈውሱ ከሐሳቡ ጋር የተስማማ ነበር፤ ለታማሚዋ አፍንጫ የሚከረፋ ነገር፣ ከታች ደግሞ መልካም መዓዛ ያለው ዕጣን ይታጠንላት ነበር። ማኅፀኑ ክርፋቱን ሸሽቶ፣ መዓዛውን ተከትሎ ወደ በረቱ እንዲመለስ ነው። የሸሸን ከብት ጨው አሳይቶ እንደ መመለስ ያለ ነገር።

ማኅፀን በእውነት ቦታውን የሚለቅበት መንገድ ግን አንድ ነው፤ ወደ ታች። ይህንንም እነዚያው መጻሕፍት ያውቁታል። ሴቲቱን በመሰላል ላይ አስረው፣ እግሯን ወደ ላይ ዘቅዝቀው መሰላሉን ያርገፈግፉት ነበር። ግማሽ ሮማን በወይን ጠጅ ነክረው በመወተፍ ማኅፀኑን ከታች እንዲደግፍ የሚያዝም ምክር አለ። መሰላሉን ስናነብ ይዘገንነናል፤ በሮማኑ ግን አንሳቅ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ማኅፀኑ የታሰረ መሆኑን ያየ ሰው አልነበረምን? ነበረ እንጂ! በሁለተኛው መቶ ዓመት መባቻ ሮም ውስጥ ያከም የነበረው የኤፌሶኑ ሶራኖስ፣ ማኅፀን ከፊኛ፣ ከአንጀት፣ ከዳሌና ከአከርካሪ ግርጌ ጋር በስስ ሽፋኖች የተያያዘ መሆኑን ጽፏል። ሽፋኖቹ ሲቆጡና ሲኮማተሩ ማኅፀኑን ሊጎትቱት ይችላሉ እንጂ፣ እርሱ ራሱ ሽታ አሳድዶ ከዋሻው እንደሚወጣ አውሬ አይደለም አለ። የክርፋት ጢሱንም ተቃወመ፤ በደከመች ሴት ላይ ሌላ ሥቃይ መጨመር ነውና።

ከእርሱ ዘመን ብዙም ያልራቀው የቀጰዶቅያው አሬጣዮስም ጅማቶቹን ያውቃቸዋል፤ እንዲያውም ከሶራኖስ ይልቅ በሚያምር ቃል ገልጿቸዋል። በማኅፀኑ ግራና ቀኝ የተዘረጉትን ሰፋፊ ሽፋኖች በመርከብ ሸራ መሰላቸው። ምሳሌው እጅግ ትክክል ነው፤ ዛሬ በየትኛውም የአናቶሚ መጽሐፍ ላይ ያንን ሰፊ ሽፋን የሚያይ ሰው ሸራ ትዝ ይለዋል። ነገር ግን ይኸው አሬጣዮስ ማኅፀንን «በእንስሳ ውስጥ ያለ እንስሳ» ብሎ ይጠራዋል፤ መቅበዝበዙንም አልተወውም። እኔን ከሶራኖስ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ሰው ነው። ዓይኑ ገመዱን አይቷል፤ አእምሮው ግን ገመዱን ላመነበት ነገር አስገዛው። የታሰረ እንስሳም ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ይቅበዘበዛል ማለቱ ነው።

የሁለቱ መጻሕፍት ዕጣም ልዩ ነው። የሶራኖስ ሥራ በላቲን ተጨምቆ ለአዋላጆች ቢተርፍም፣ የግሪክኛው መጽሐፍ ታትሞ ለሰፊው የሊቃውንት ዓለም የደረሰው ገና በ1838 ነው። አውሬው ግን መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ በአፍ ተሻገረ።

በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ሌላ ተረት ተጨመረ። ማኅፀን ሰባት ክፍል አለው፤ ሦስቱ የቀኝ ለወንድ፣ ሦስቱ የግራ ለሴት፣ መካከለኛው ወንድም ሴትም ለሆነ ፍጥረት። የቦሎኛው ሞንዲኖ በ1316 ገደማ የአናቶሚ መጽሐፉን ሲጽፍ በገዛ እጁ የሴቶች አስከሬን ከፍቶ ነበር፤ ሆኖም ሰባቱን ክፍሎች ጽፎ አለፈ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንኳ በ1511 ገደማ በሣለው ዝነኛ የጽንስ ሥዕል፣ በሰው ማኅፀን ውስጥ የላምን የእንግዴ ልጅ አስቀምጧል።

በ1543 በባዝል የታተመው የቬሳሊዮስ መጽሐፍ የርእስ ገጽ ላይ፣ በተጨናነቀ አዳራሽ መካከል ሆዷ የተከፈተ ሴት ተጋድማለች። ከሕዝቡ የብዙዎቹ ዓይን ወደ ማኅፀኗ ነው። ቬሳሊዮስ በመጽሐፉ ውስጥ፣ ከስቅላት ለማምለጥ ስትል ነፍሰ ጡር ነኝ ያለች፣ በዳኛ ትእዛዝም አዋላጆች መርምረው እርጉዝ አይደለችም ያሉባትን አንዲት ሴት አስከሬን እንደከፈተ ይተርካል፤ የታሪክ ሊቃውንት የርእስ ገጿ ሴት እርሷ ናት ይላሉ። ማኅፀኗን መሸሸጊያ ልታደርገው ሞከረች፤ ማኅፀኗ ግን ሳያድናት ቀርቶ መማሪያ ሆነ። የሌላይቱ ነገር ከዚህ ይከፋል። በፓዱዋ የአንድ መነኩሴ ውሽማ የነበረች ሴት በሞተች ጊዜ ተማሪዎቹ ከመቃብር ሰረቋት፤ ዘመዶቿና መነኩሴው ቢፈልጓት እንዳይለዩአት ቆዳዋን ገፈፉት። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት የማኅፀን ሥዕሎች አንዱ የተገኘው ከእርሷ ነው። የሁለቱንም ስም ቬሳሊዮስ አልጻፈም።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1774፣ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ሃንተር የነፍሰ ጡር ማኅፀንን የሚያሳዩ 34 ታላላቅ ሥዕሎች አሳተመ። አብዛኞቹን የሣላቸው ያን ቫን ሪምስዳይክ ነው። ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ እንዲህ ያለ ጥራት ከዚያ በፊት አልታየም። የሐኪሙን፣ የሠዓሊውን፣ የአታሚውን ሳይቀር ስም እናውቃለን። ሴቶቹ ግን ሥዕል ቁጥር አንድ፣ ሥዕል ቁጥር ሁለት እየተባሉ ቀርተዋል። ጭናቸው እንደ ሥጋ ቤት ሙዳ ተቆርጦ ሲታይ፣ አንባቢው ውበቱን ከማድነቁ በፊት መጽሐፉን መክደን ያምረዋል።

እንዲህም ሆኖ «ሂስቴሪያ» አልሞተችም። ማኅፀን እንደማይቅበዘበዝ ከታወቀ በኋላም ስሟ ብቻዋን ቆማ ሄደች፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ራሷን ለሳተች እመቤት አፍንጫ የሚቀርበው የሚሰነፍጥ ጨው የዚያ የጥንቱ ጢስ የልጅ ልጅ ይመስለኛል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታዎች መዝገቡ ስሟን የፋቀው በ1980 ነው።

ማኅፀኑን በእውነት የሚይዘው ምንድን ነው? ያልጸነሰች ሴት ማኅፀን የተገለበጠ ሸክላ በርበሬ ያህል ሳይሆን የትንሽ ሎሚ ተራ ፍሬም ሳይሆን፣ ርዝመቱ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በፊኛ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ያለ የጡንቻ ከረጢት ነው። የአሬጣዮስ ሸራ ግራና ቀኝ ተዘርግቶለታል፤ ነገር ግን ሸራው ብዙም ክብደት አይሸከምም። ወደ ብሽሽት የሚወርዱት ሁለት ክብ ጅማቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጎንበስ ብሎ እንዲቆይ ያግዙታል እንጂ አያንጠለጥሉትም። ዋናው ሸክም ያለው በአንገቱ ዙሪያ ነው። ከማኅፀን አንገት ወደ አከርካሪ ግርጌ የሚሄዱ ጅማቶች አሉ፤ ከአንገቱ ወደ ዳሌ ጎኖች የሚሄዱትን ደግሞ ጀርመናዊው አልቪን ማከንሮት በ1895 በዝርዝር ገለጻቸው፤ ስሙም ተሰጥቷቸዋል። በ1992 አሜሪካዊው ጆን ዲላንሲ አስከሬኖችን መርምሮ ድጋፉ በሦስት ደረጃ የተዘረጋ መሆኑን አሳየ። ከሁሉም በታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አሉ።

ሐኪሞች ይህን ለተማሪ ሲያስረዱ ወደብ ላይ የታሰረች ጀልባን ይጠቅሳሉ። ጅማቶቹ ገመድ፣ ጡንቻው ውኃ ነው። ውኃው እስካለ ድረስ ገመዱ ጀልባዋን ቦታዋ ላይ ያቆያታል እንጂ አይሸከማትም፤ ውኃው ሲጎድል ግን ክብደቱ ሁሉ ገመዱ ላይ ይወድቃል፤ ገመዱም ቀስ በቀስ ይላላል። አሬጣዮስ ሸራውን አይቶ ውኃውን አላየም ማለት ነው።

ውኃውን የሚያጎድለው ደግሞ ናፍቆት አይደለም። የተራዘመ ምጥ ነው፤ ተደጋጋሚ ወሊድ ነው፤ ዕድሜ ነው፤ ከባድ ሸክም ነው። በአገራችን ገጠር እንስራና ጭራሮ በጀርባዋ የምታወጣ፣ ከአራስ ቤት ሳይጠና ወገቧ የምትነሣ እናት ይህንን ያለ አናቶሚ መጽሐፍ ታውቀዋለች። «ማኅፀኔ ወጣ» ለማለት ግን ታፍራለች፤ ለባሏም ለሐኪምም ሳትናገር ዓመታት የምታሳልፍ ብዙ ናት።

ሕክምናው አለ። ሐኪሙ የላላውን በቀዶ ሕክምና ከጠንካራው ጅማት ጋር መልሶ ይሰፋዋል፤ ቀዶ ሕክምና ለማይስማማት ወይም ለማትፈልግ ደግሞ ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ከታች ገብቶ ማኅፀኑን ይደግፋል። ቀለበቱ በእጅ ይታጠፋል፤ እየወጣ ይታጠባል፤ ተመልሶ ይገባል። የዚያ በወይን ጠጅ የተነከረ ግማሽ ሮማን ዘመድ ነው።