ፊድለር ሸርጣን

ፊድለር ሸርጣን በሞቃታማ ባሕሮች ዳርቻ፣ የባሕሩ ውሃ እየሞላና እየጎደለ በሚሄድበት ጭቃማና አሸዋማ መሬት ላይ የሚኖር ትንሽ የሸርጣን ዓይነት ነው። የኦሲፖዲዴ አስተኔ አባል ሲሆን ከ100 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ቀድሞ ሁሉም «ኡካ» በሚባል አንድ ወገን ሥር ይመደቡ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ግን በ11 ወገኖች ተከፋፈሉ። በአንዳንድ አገሮች በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ይያዛል። በሻጮች ዘንድ ብዙ ጊዜ «የንጹህ ውሃ ሸርጣን» እየተባለ ስለሚቀርብ ጨው በሌለው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሞተው ብዙ ነው።

ስያሜ

ፊድለር በእንግሊዝኛ ቫዮሊን ተጫዋች ማለት ነው። ወንዱ ሲመገብ ትንሹን መቆንጠጫ ከመሬት ወደ አፉ ደጋግሞ ያመላልሳል፤ ትልቁን ደግሞ ደረቱ ላይ አስደግፎ ይይዛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ መሰንቆ ታቅፎ ደጋን የሚስብ አዝማሪ ይመስላል።

አካልና ጠባይ

የጀርባው ቅርፊት ስፋት በአብዛኛው ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። የሴቷ ሁለት መቆንጠጫዎች ትናንሽና እኩል ናቸው። የወንዱ አንዱ መቆንጠጫ ግን እጅግ ትልቅ ነው፤ በአንዳንድ ዝርያዎች የሰውነቱን ክብደት ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ወንዱ በዚህ መቆንጠጫ እያውለበለበ ሴቶችን ይጠራል፣ ከሌሎች ወንዶችም ጋር ይጣላበታል። ለመብላት ግን አይጠቅመውም፤ ስለዚህ የሚመገበው በአንድ እጁ ብቻ ነው። ትልቁ መቆንጠጫ ከተቆረጠ በዚያው ቦታ አዲስ ያድጋል፤ አዲሱ በአንዳንድ ዝርያዎች ከበፊቱ ቀጭንና ደካማ ይሆናል።

ፊድለር ሸርጣን እንደ ዓሣ በስንጥብ ይተነፍሳል፤ ነገር ግን ስንጥቡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከአየር ኦክስጅን መውሰድ ይችላል። ውሃው ሲጎድል ከጉድጓዱ ወጥቶ ይመገባል፤ ሲሞላ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ከጭቃው ውስጥ አልጌን፣ ባክቴሪያንና የበሰበሰ ተክልን ለይቶ ይበላና የቀረውን በትንንሽ ድቡልቡል አድርጎ ይተፋዋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ፍራንክ ብራውን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባደረጋቸው ምርምሮች የእነዚህ ሸርጣኖች የቆዳ ቀለም በቀን ጠቁሮ በሌሊት እንደሚፈዝ፣ ይህም ዑደት ከባሕር በራቀ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንኳ እንደሚቀጥል አሳይቷል።

ስርጭት

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆኑት ፊድለር ሸርጣኖች በቀይ ባሕር ዳርቻ ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል አውስትሩካ አልቢማና፣ ክራኑካ ኢንቨርሳ እና ጌላሲመስ ቴትራጎኖን ይገኙበታል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. (1993 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት በአገር ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ፊድለር ሸርጣን የለም።

በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች የሚታዩት ሸርጣኖች የሌላ አስተኔ ናቸው፤ ፖታሞናውቴስ ከሚባለው ወገን ይመደባሉ። በሁለቱ መካከል ዋናው ልዩነት በመራባት ላይ ነው። የፖታሞናውቴስ እንቁላል ሲፈለፈል በቀጥታ ትንሽ ሸርጣን ይወጣል። የፊድለር ሸርጣን እንቁላል ግን ወደ እጭነት ይለወጣል፤ እጩም ወደ ባሕር ሄዶ ለሳምንታት ከተንሳፈፈ በኋላ ነው ወደ ዳርቻ የሚመለሰው። በዚህ ምክንያት በቤት ገንዳ ውስጥ ማርባት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ለሽያጭ የሚቀርቡትም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዱር የተያዙ ናቸው።

በቤት ውስጥ አያያዝ

ገንዳ። ለአንድ ወንድና ለሁለት ወይም ለሦስት ሴቶች 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ይበቃል። ሁለት ወንዶች በጠባብ ቦታ ከተቀመጡ ይጣላሉ። ከገንዳው ወለል ቢያንስ ግማሹ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚመች እርጥብ አሸዋ፣ የቀረው ውሃ መሆን አለበት። ሸርጣኑ በማሞቂያው ሽቦና በማጣሪያው ቱቦ ላይ ወጥቶ ስለሚያመልጥ ጥብቅ ክዳን ያስፈልጋል። ክዳኑ እርጥበትንና ሙቀትንም ይጠብቃል።

ውሃና ጨው። የሚስማማው ውሃ የባሕር ውሃን ጨዋማነት ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚይዝ ነው፤ ይህም በሊትር ከ12 እስከ 18 ግራም ያህል ጨው ማለት ነው። የምግብ ጨው ለዚህ አይሆንም። የአፍዴራም ሆነ ሌላ የወጥ ቤት ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆን የባሕር ጨው ግን ማግኒዥየምና ካልሲየምም አለው፤ ሸርጣኑ ቅርፊቱን የሚሠራው በካልሲየም ነው። ውሃ ሲተን ጨው ወደ ኋላ ስለሚቀር የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። በየጊዜው ጨዋማ ውሃ የሚጨመር ከሆነ ገንዳው ከሳምንት ሳምንት እየጨመጨመ ይሄዳል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚኖረው በማስወገጃ መታከም ይኖርበታል።

አዲስ ገንዳ ሸርጣን ከመግባቱ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማጣሪያው እየሠራ መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይራባሉ።

ሙቀት። ውሃውና አየሩ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ሸርጣን የራሱን የሰውነት ሙቀት ስለማያመነጭ ሲቀዘቅዝ መብላት ያቆማል፣ ይፈዛል፣ ቅርፊቱንም መቀየር ያቅተዋል። ሞቃታማ በሆነው ምጽዋ ዳርቻ ይህ ችግር አይሆንም፤ በወሎ ደጋ ግን ዋናው ችግር ይህ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል። በኮምቦልቻም ሆነ በቢስቲማ ቀኑ ሞቃት ቢሆን እንኳ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ያለ ማሞቂያ ለፊድለር ሸርጣን አይበቃም።

ለዚህ የሚያገለግለው ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ማሞቂያ ነው። ለምሳሌ 50 ዋት ማሞቂያ 15 ሊትር ውሃን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ ሙቀት ባይባክን እንኳ 3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ማሞቂያው ማታ ከመቀዝቀዙ በፊት መሰካት አለበት። የውሃው ጥልቀት አነስተኛ ስለሆነ ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ እንዲሰጥም ጋደም ተደርጎ ይቀመጣል፤ ውሃ ከመቀየሩ በፊትም ተነቅሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ ካልሆነ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቴርሞሜትር ከማሞቂያው ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለልና ለብ ያለ ውሃ የያዘ የተከደነ ጠርሙስ በውስጡ ማስቀመጥ ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆያል። አየር እንዲገባ ትንሽ ክፍተት መተው ያስፈልጋል። ሙቅ ውሃ በቀጥታ መጨመር ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ስለሚያመጣና ጨዋማነቱን ስለሚቀንስ ይጎዳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስቀመጥ ደግሞ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውንም ስለሚገድል ፈጽሞ አይደረግም።

ምግብ። አልጌ፣ ለዓሣና ለሽሪምፕ የሚዘጋጅ ምግብ፣ የተቀቀለ ጎመንና ጥቂት የዓሣ ሥጋ ይበላል። የሚሰጠው በጥቂቱ ሲሆን የተረፈው በማግስቱ ይወጣል።

ቅርፊት መቀየር

ሸርጣን የሚያድገው አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ ነው። ጊዜው ሲደርስ መብላት ይተዋል፣ ይደበቃል። ከወጣ በኋላ ሰውነቱ ለቀናት ለስላሳ ስለሚሆን ሌሎቹ ሊበሉት ይችላሉ፤ መደበቂያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባዶው ቅርፊት የሞተ ሸርጣን ስለሚመስል ብዙ ጀማሪዎች አውጥተው ይጥሉታል። ሸርጣኑ ግን ካልሲየሙን መልሶ ለማግኘት ስለሚበላው እዚያው መተው ይገባዋል። የሞተ ሸርጣን በፍጥነት ይሸታል፤ የተጣለ ቅርፊት ግን ባዶና ቀላል ነው።

የተለመዱ የሞት ምክንያቶች

ከጨው እጥረትና ከቅዝቃዜ ሌላ መርዝ ብዙ ሸርጣኖችን ይገድላል። ሸርጣን ከነፍሳት ጋር የቀረበ ዝምድና ስላለው የበረሮ፣ የትንኝና የቁንጫ መርዝ በክፍሉ ውስጥ ቢረጭ ይጎዳዋል። መዳብ ያለባቸው የዓሣ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። መውጫ መሬት የሌለው፣ በውሃ የተሞላ ገንዳም ሌላው ምክንያት ነው። በጥሩ አያያዝ ግን እስከ 3 ዓመት ገደማ ሊኖር ይችላል።

ወደ ተፈጥሮ ውሃ ስለ መልቀቅ

ማቆየት ያልተቻለን ሸርጣን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ነጻ ማውጣት አይደለም። ንጹህ ውሃ እየዋለ እያደረ ይገድለዋል፤ ከእርሱ ጋር የመጣ በሽታ ወይም ጥገኛ ተባይም በአካባቢው ላሉት እንስሳት ሊተላለፍ ይችላል። ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። በሐይቁ የሚጠመደው ቆሮሶ ራሱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ በሰው እጅ የተጨመረ ዓሣ ነው፤ ዛሬም ከሐይቁ አልጠፋም። ስለዚህ ሸርጣኑ ሊያዝ ካልቻለ የሚሻለው ገንዳ ላለው ሌላ ሰው መስጠት ነው።