ጉድጓድ ቆፋሪ ጎቢ በቤት ውስጥ አኳሪየም

ጉድጓድ ቆፋሪ ጎቢ በኮራል ዐለቶች ግርጌ በተነጠፈ አሸዋ ላይ የሚኖር የሞቃት ባሕር ትንሽ ዓሣ ሲሆን፣ ለወሎ ሰው ቅርብ የሆነው መኖሪያው ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚያልቅበት ቀይ ባሕር ነው። ከዝርያዎቹ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበትን እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ በኋላ እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው።

ከእነዚህ ጎቢዎች ብዙዎቹ እምብዛም አይቆፍሩም፤ ጉድጓዱን ቀኑን ሙሉ እየጠረገ የሚያድሰው አልፊየስ በተባለው ወገን የሚመደብ፣ ዐይኑ ደካማ የሆነ ሽሪምፕ ነው። ሽሪምፑ አሸዋ ሊደፋ በወጣ ቁጥር በአንቴናው ዓሣውን እየነካ ይቆያል፤ ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ጎቢ አደጋ ሲያይ ጅራቱን ያርገበግባል፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቫለንሲየንያ የተባሉት ጎቢዎች ግን ራሳቸው ቆፋሪ ናቸው፤ አሸዋውን በአፋቸው ዘግነው በውስጡ ያሉትን ደቃቅ እንስሳት ካስቀሩ በኋላ ቀሪውን መተንፈሻ በሆነው ስንጥባቸው በኩል ስለሚያስወጡ፣ አሸዋው ገና ሕይወት ባልዘራበት አዲስ ገንዳ ውስጥ ከስተው ይሞታሉ። ለጀማሪ የሚሻለው ከሽሪምፕ ጋር የሚኖረው ነው።

የአሸዋው ንጣፍ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚደርስ፣ የኮራል ስብርባሪ የተቀላቀለበት ይሆናል፤ ዐለቶቹም ከአሸዋው በፊት በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ካልተቀመጡ ሥራቸው ሲቦረቦር ተንደው ዓሣውን ይቀብሩታል። ጎቢ ሲደነግጥ ስለሚዘል ክዳንም ግድ ነው።

ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ፣ ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ አራት አምስተኛ ያህል በመሆኑ፣ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ የውኃውን ገጽ አጥብቆ የሚያናውጥ ፓምፕ ያስፈልጋል። ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማቆየት ማሞቂያ፣ በተለይ ለደሴ ሌሊት፣ የግድ ነው። በሊትር 35 ግራም ገደማ የሚገባው ጨውም ከአፋር የሚመጣው የምግብ ጨው ሊሆን አይችልም፤ ያ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ሲቻል፣ በገንዳው ውስጥ አብሮ የሚቀመጥ ኮራል ግን አጽሙን የሚገነባበት ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ይፈልጋል። ሽሪምፑ ሲመሽ የጉድጓዱን አፍ ስለሚዘጋው በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ መብራት በሌሊት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከማሞቂያው ይልቅ የሚያስቸኩለውም ለዚህ ነው።