የኤልቪስ ፕሪስሊ ቢኤምደብሊው 507

የኤልቪስ ፕሪስሊ ቢኤምደብሊው 507 በ1957 ጀርመን ውስጥ የተሠራ፣ የሻንሲ ቁጥሩ 70079 የሆነ ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለአሠርት ዓመታት ደብዛው ጠፍቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ የዱባ መጋዘን የተገኘ ሲሆን፣ ሙኒክ ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ በፈጀ ሥራ ታድሷል። የተጣለ መኪና ማንነቱን ሳይለቅ እንዴት እንደሚነሣ ከሚያሳዩ ምርጥ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ሞዴሉ

507ን የነደፈው አልብሬክት ጎርትዝ ነው። ቦዲው ከአሉሚኒየም ላሜራ፣ ሞተሩ ባለ8 ሲሊንደር፣ 3.2 ሊትርና 150 የፈረስ ጉልበት ነበር። ማምረቻው እጅግ ውድ በመሆኑ እስከ 1959 ድረስ የተሠሩት ከ250 ጥቂት በለጥ ቢሉ ነው። ዛሬ መለዋወጫው እንደ ልብ የማይገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለቤቶቹ

መኪናውን በመጀመሪያ በተራራ ሽቅብ ውድድሮች የነዳው ዝነኛው የእሽቅድምድም ነጂ ሃንስ ሽቱክ ነበር። ጀርመን ውስጥ በአሜሪካ ጦር ያገለግል የነበረው ኤልቪስ በ1958 መጨረሻ ገዛው። አድናቂዎቹ ነጩን ቀለም በሊፕስቲክ መልእክት እየሞሉ ስላስቸገሩት ቀይ አስቀባው። በ1960 መኪናው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እዚያም አንድ የአላባማ የሬዲዮ አቅራቢ ለእሽቅድምድም ሲል የሼቭሮሌት ሞተር ገጠመለት፤ ሞተሩ እንዲገባም የሻንሲው ፊት ተቆረጠ። ካምቢዮውና የኋላ አክስሉም ተቀየሩ።

ግኝቱ

በ1968 አንድ የጠፈር መሐንዲስ ገዛው። ወደፊት ሊያድሰው አስቦ መለዋወጫ እየሰበሰበ በመጋዘን አቆየው። የሻንሲ ቁጥሩ ሲጣራ የኤልቪስ መኪና መሆኑ ታወቀ። በ2014 ሙኒክ ደርሶ፣ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት እንዳለ በቢኤምደብሊው ሙዚየም ለሕዝብ ታየ።

እድሳቱ

የቢኤምደብሊው ክላሲክ ባለሙያዎች መመሪያ ግልጽ ነበር፦ ሊድን የሚችለውን አሮጌ ክፍል ሁሉ ማዳን፣ አዲስ መሥራት ግን የግድ ሲሆን ብቻ። የአሉሚኒየሙ ቦዲ ከብረቱ ወለል ተለየ፤ ዝገት የበላው ተጠገነ፤ የተቆረጠውም የሻንሲ ፊት እንደገና ተሠራ። የመጀመሪያው ሞተር ስለሌለ ሌላ ከመለዋወጫ ዕቃዎች ተገጣጥሞ ተሠራ። የበር እጀታዎችና የመስኮት ማዞሪያዎች በ3ዲ ፕሪንተር ታተሙ። ወደ ነጭ የተመለሰው ቀለም ግን የተቀባው መኪናው በተሠራበት ዘመን ዕቃና ዘዴ ነው። ባለቤቱ መሐንዲስ ሥራው ሲጠናቀቅ ለማየት አልታደለም፤ መኪናው ግን በኦገስት 2016 በካሊፎርኒያው የፔብል ቢች ትርዒት ቀረበ።

ፋይዳው

የመጀመሪያ ሞተሩ የሌለው መኪና «ያው መኪና» ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ክርክር በክላሲክ መኪና ዓለም የቆየ ነው። በዚህ መኪና ላይ መልሱ በሁለት ይከፈላል፦ እንደገና ከተሠራው የፊት ክፍል በቀር ሻንሲና ቦዲው ሽቱክና ኤልቪስ የነዱት ራሱ ነው፤ ሞተሩ ግን ምትክ ነው። የተከበረ እድሳት ሁለቱንም ሳይደብቅ ይመዘግባል። አዲሱን እንደ ጥንታዊ አድርጎ ማቅረብ ግን የመኪናውን ታሪክ ማጥፋት ነው፤ የሚያጠፋውም ከማንኛውም ዝገት ይበልጣል።