የሰው መልክና ሕጋችን፦ ከአዳማ ፎቶ ቤቶች እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰው መልክ አንድ ብርቱ ድንጋጌ ይዞ ወጣ። የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ በቁጥር 27 ከለከለ። የረቂቁ አዘጋጅ የሬኔ ዳቪድ አገር ፈረንሳይ እንኳ ለግል ሕይወት ጥበቃ በፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ የጨመረችው ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር።

ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው አዳማም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ የሰው መልክ የሚቀረጸው በፎቶ ቤት ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ ያማረለትን ሥራ በመስኮቱ ይሰቅላል፤ ቅር የተሰኘ ሰውም የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። ሕጉም የተሰፋው በዚህ ልክ ነው፤ ማለትም ባለመልኩ በካሜራ ፊት ቆሟል፣ ሥዕሉን ያሳየው ሰው አድራሻ አለው፣ ከሥራውም ትርፍ አግኝቷል።

ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ የሆነው ግን ከዚህ ልክ የወጣ ነው። ለአቀባበል በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ቦምብ ይዟል የተባለ አንድ ሰው በሐሰት ወሬ ተገደለ፤ ተሰቅሎም ታየ። ምስሉ ከእጅ ስልክ ወደ እጅ ስልክ ተሻገረ። ለሟች ክብር ዘመዶች እንዲከራከሩ ቁጥር 30 ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከሺህ እጅ የትኛው ይከሰሳል?

ያ ወሬ ምስል አላስፈለገውም ነበር። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም የተስፋፋው አመንጪው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ለወሬው ማስረጃ ሊሠራለት ይችላል። አንድ የምረቃ ፎቶግራፍና ጥቂት የድምፅ ቅጂ ካገኘ፣ ያልያዘውን አስይዞ፣ ያልተናገረውን አናግሮ ያቀርባል።

በእኔ አስተያየት ቁጥር 27 ለዚህም ይበቃል፤ ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን ሥዕልም ይላልና ካሜራ አለመኖሩ ተከሳሽን አያድንም። ችግሩ ከካሳው ላይ ነው። ቁጥር 29 ካሳውን የሚለካው በአብዛኛው ተከሳሹ ባገኘው ጥቅም ሲሆን፣ ሐሰተኛ ምስል የሚያስተላልፍ ሰው ብዙ ጊዜ አንዲት ሳንቲም አያተርፍም። ከውል ውጭ ወዳለው ኃላፊነት ቢኬድ ደግሞ፣ ቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት ከ1,000 ብር በላይ እንዳይፈረድ ወስኗል። በዚያ ዘመን የነበረው 1,000 ብርና የዛሬው ስማቸው እንጂ ግብራቸው አንድ አይደለም!

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በጎ ጅምር ነው። ሆኖም ምስሉን የሠራው መሣሪያ ባለቤት ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ መጥሪያው ከአዳማ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚደርሰው ጠበቃ ሁሉ ሊጠይቅ ይገባል። ዳኛውም በበኩሉ ሁለት ተከራካሪ ይገጥመዋል፦ በሐሰተኛ ምስል የተበደለ ከሳሽና፣ እውነተኛውን ምስል «መሣሪያ የፈጠረው ነው» ብሎ የሚክድ ተከሳሽ።