የዓባይ በረሃ ዳገትና የሞተር ትንፋሽ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ወደ ቁይ የሚጓዝ መኪና የዓባይን ሸለቆ መሻገር ግድ ይሆንበታል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ እስከ ደጀን ያለው ዳገት፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ራዲያተሩ እንፋሎት እየተፋ፣ ጥግ ይዞ የቆመ መኪና ሳያይ አይቀርም።

ይህ መኪና የገጠመው ችግር የፈጣን ስፖርት መኪና መሐንዲሶችን ከሚያስጨንቀው የተለየ አይደለም። ሞተሩ በቂ አየር ከየት ያገኛል? የሚያመነጨውን ሙቀትስ የት ይጥላል?

ደጋ ላይ ጉልበት ለምን ይቀንሳል?

ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም በደጀንና በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ አንድ ሊትር አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድለዋል። በመሆኑም አየር በራሱ ብቻ የሚስብ ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 80 ገደማ ነው።

ሱፐርቻርጀርና ቱርቦ

መፍትሔው አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ማስገባት ነው። ሱፐርቻርጀር ጉልበቱን በቺንጋ ወይም በጥርስ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ይወስዳል። ነዳጅ ሲረገጥ ሳይዘገይ ቢመልስም፣ ለራሱ መዞሪያ የሞተሩን ጉልበት ይበላል። ቱርቦ ግን ወደ ማርሚታ በሚወጣው ጭስ ኃይል ይዞራል። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር።

በደጋ ላይ ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። የሱፐርቻርጀር ፍጥነት ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ የሚስበው አየር ሲሳሳ የሚያስገባውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቱርቦ ግን ፍጥነቱን ጨምሮ የጎደለውን በከፊል ወይም በሙሉ መተካት ይችላል። ይህን ጥንት ያሳየው አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ሞከረው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ።

ጉልበት ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል

የጎማ መንፊያ የተጠቀመ ሁሉ እንደሚያውቀው የተጨመቀ አየር ይሞቃል። በ20 ዲግሪ የገባ አየር ከሱፐርቻርጀሩ ሲወጣ ከ80 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የሞቀ አየር ደግሞ መልሶ ይሳሳል፤ የቤንዚን ሞተርንም ያለጊዜው በሚፈጠር ቃጠሎ ያንኳኳል፣ ፒስተንም ያበላሻል። አየሩን መልሶ የሚያበርደው ኢንተርኩለር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የ2009 ሞዴል ኮርቬት ዜድ አር 1፣ 638 የፈረስ ጉልበቱን ለማውጣት ኢንተርኩለሩን ከሱፐርቻርጀሩ ጋር አንድ ላይ ይዟል። የ2018 ሞዴል ዶጅ ዲመን አየሩን ለማብረድ የኤር ኮንዲሽነሩን ቅዝቃዜ ይጠቀማል። ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ቡጋቲ ቬይሮን ደግሞ አሥር ራዲያተሮች ተገጥመውለታል።

የእኛ ዳገት ሒሳብም ቀላል አይደለም። ጠቅላላ ክብደቱ 10 ቶን የሆነ የጭነት መኪና ከድልድዩ እስከ ደጀን ሲወጣ ወደ ማቀዝቀዣው የሚጣለው ሙቀት፣ ከ300 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ከፊት የሚመጣ ነፋስ እምብዛም በሌለበትና በረሃው በሚያቃጥልበት ሰዓት ነው።

ውሃም በደጋ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደጀን ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ጎማው ያለቀ ክዳን ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ሙሉ ሞተር ሊያስከፍል ይችላል።

አሽከርካሪው ምን ያድርግ?

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የሚሰማ ምክር ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ በደጋው ብርድ ሳይሞቅ እንዲሠራ ስለሚያደርግ ነዳጅ ያባክናል፣ መበላትንም ያፋጥናል። የተበላሸውን በአዲስ መተካት ይሻላል። ከጉዞ በፊት የፋኑን ቺንጋ፣ የውሃ ፓምፑንና ጎማ ቱቦዎቹን ማየት፣ ከተራ ውሃ ይልቅ በአግባቡ የተቀላቀለ ኩላንት መጠቀም፣ ራዲያተሩን ከአቧራና ከነፍሳት ማጽዳት ያስፈልጋል።

ዳገቱ ላይ መለኪያው ወደ ቀዩ ከተጠጋ ኤር ኮንዲሽነሩን ማጥፋት፣ የውስጥ ማሞቂያውን መክፈት፣ ካልወረደም ጥግ ይዞ መቆም ነው። ክዳኑን ትኩስ እያለ መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቃል፣ ጓርኒሲዮኑንም ያበላሻል። ባለቱርቦ መኪና የያዘ ሰው ደጀን እንደደረሰ ቁልፉን ወዲያው አያጥፋ። ዘይቱ ዝውውሩን ካቆመ የጋለው ቱርቦ ውስጥ ያለው ስለሚያር፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሞተሩን በዝግታ ማሠራት ኩሽኔታውን ያድናል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የዓባይ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ባትሪው ግን ዳገት ሲወጣ መሞቁ አይቀርምና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ቀድሞ የገቡት የነዳጅ መኪኖችም ገና ለብዙ ዓመታት ደጀን ዳገት ላይ መተንፈሳቸው አይቀርም።