አሥረኛው ምሰሶ

ሰው በሰላም ቀን የተደገፈበትን ነገር አያስተውለውም። እግር ምድርን፥ ዓይን ብርሃንን፥ ሳንባም አየርን ሳያመሰግኑ ይኖራሉ። የተደገፉበት ነገር በድንገት የተነሣ እንደ ሆነ ግን፥ ያን ጊዜ ሰው ምን ያህል በሌላው ላይ ተደግፎ ይኖር እንደ ነበረ ይገለጥለታል። ታሪክን ከምንማርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ በራሳችን ላይ ሳይደርስ በሌላው ላይ ከደረሰው ለመማር። አሁን ለወጣቶች የምናቀርበው ታሪክ የነገሥታት ወይም የጦርነት ታሪክ አይደለም። አንድ የሠለጠነ ሕዝብ በዝናብ የተፈተነበት ታሪክ ነው።

ነገሩ የሆነው በካናዳ አገር፥ ይልቁንም ኬቤክ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ ከታኅሣሥ 27 እስከ ጥር 2 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዩወሪ 5 እስከ 10 ቀን 1998 መሆኑ ነው። በእኛ አገር የልደት በዓል በተከበረበት ሳምንት ማለት ነው። ኬቤክ ብርዱ ብርቱ የሆነ አገር ነውና ሕዝቡ ብርድን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አመዳይ ሲወርድ መንገዱን ይጠርጋል፤ ውርጭ ሲበረታ ልብሱን ይደርባል። ስለዚህ ብርድ ብቻውን አያስደነግጠውም። በዚያ ሳምንት የመጣው ግን የሚጠረግ አመዳይ አልነበረም፤ የነካውን ሁሉ ይዞ የሚረጋ ዝናብ ነበር።

የዚህ ዝናብ ጠባይ እንዲህ ነው። ከደቡብ፥ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የተነሣ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ሰሜን ተጓዘ። በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ግን ከባድና ቀዝቃዛ አየር ተኝቶ ነበርና ከስፍራው አልነቃነቅ አለ። ሞቃቱ አየር ቀላል ስለ ሆነ በቀዝቃዛው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተደረበ። ከሰማይ የሚወርደው አመዳይ በሞቃቱ አየር ውስጥ ሲያልፍ ይቀልጥና ውሃ ይሆናል። ውሃውም ከታች ባለው ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍ ለመርጋት ጊዜ አያገኝም፤ ከመርጊያው ልክ በታች ቀዝቅዞ፥ ነገር ግን ገና ውሃ እንደ ሆነ ይወርዳል። ቅርንጫፍም ሆነ ሽቦ፥ ጣራም ሆነ መንገድ የነካ እንደ ሆነ ወዲያው በረዶ ሆኖ ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ዝናብ ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም፤ ለጥቂት ሰዓት ወርዶ ያልፋል። በዚያ ሳምንት ግን በየጊዜው የወረደው ሲደመር ከ80 ሰዓት በላይ ሆነ፤ ከሞንትሪያል ከተማ በስተደቡብ ባለው አገርም መጠኑ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ደረሰ።

መልኩ ውብ ነበር። ዛፉ ሁሉ ብርጭቆ የለበሰ፥ ሽቦውም ሁሉ ከመስተዋት የተሠራ ይመስል ነበር። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ጥፋት ሁልጊዜ በሚያስፈራ መልክ እንደማይመጣ ከዚህ ተመልከት። እያንዳንዱ ጠብታ ክብደቱ ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ይሁን እንጂ ሒሳቡን እናስላ። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዙሪያው 4 ሴንቲ ሜትር በረዶ ቢለብስ፥ በአንዱ ሜትር ላይ ያለው በረዶ ወደ 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት 300 ሜትር ቢሆን፥ በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ከ20 ኩንታል በላይ ተሰቀለ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ምሰሶ ደግሞ የሚሸከመው አንድ ሽቦ ብቻ አይደለም። ጠብታው ጠብታውን እየተከተለ፥ ብረት የማይችለው ሸክም ሆነ።

በመጨረሻም ምሰሶዎቹ መውደቅ ጀመሩ። የአወዳደቃቸው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሁሉም ምሰሶ የወደቀው የራሱ ሸክም ስለ ከበደው ብቻ አይደለም። ምሰሶዎች በሽቦ እንደ ተያያዙ ሁሉ አንዱ ከሌላው ጋር ሚዛን ይዞ ነው የሚቆመው፤ ከፊቱ የሚጎትተውን ከኋላው የሚጎትተው ያስተካክለዋል። አንዱ በተሰበረ ጊዜ ሚዛኑ ፈረሰና የጎረቤቱን ምሰሶ ጎትቶ ጣለው፤ ያም ቀጥሎ ያለውን ጣለ። በሜዳው ላይ ረዣዥሞቹ የብረት ምሰሶዎች በሰልፍ እንደ ቆሙ በሰልፍ ተጋደሙ። በዚያ ሳምንት ወደ 1,000 የሚጠጉ የብረት ምሰሶዎችና ወደ 30,000 የሚሆኑ የእንጨት ምሰሶዎች ወደቁ። በኬቤክ ብቻ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው፥ ይኸውም ከክፍለ ሀገሩ ሕዝብ እኩሌታው ያህል፥ መብራት አጣ። አደጋው በጎረቤቱ በኦንታሪዮ ምሥራቃዊ ክፍልና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካም ብዙ ሕዝብ አስጨነቀ።

መብራት ማጣት ለእነርሱ ጨለማ ብቻ አልነበረም። ኬቤክ ብዙ ወንዝ ያለው አገር ነው። በሩቅ ሰሜን፥ ከሞንትሪያል 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጄምስ ቤይ አካባቢ ታላላቅ ግድቦች ተሠርተው፥ ኤሌክትሪኩ በረጅም መስመር ወደ ደቡብ ይመጣል። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበረ አብዛኛው ሰው ቤቱን የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ ነበር። ብዙዎች የእንጨት ምድጃቸውን አስወግደው ነበር፤ አዲሶቹ ቤቶችም ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ምድጃ የሌላቸው ነበሩ። ስለዚህ መብራቱ በጠፋ ጊዜ ሙቀቱም፥ ማብሰያውም፥ ሙቅ ውሃውም አብሮ ጠፋ። በገጠር ያለው ገበሬ ደግሞ የውሃ መሳቢያውና የወተት ማለቢያው መሣሪያ ቆመበት።

ከሁሉ የከፋው ቀን ጥር 1 ቀን፥ ዓርብ ነበር። ወደ ሞንትሪያል ከሚገቡት ዋና ዋና መስመሮች አብዛኞቹ ወድቀው ነበርና የከተማዋ እምብርት ጨለመ። ከድልድይ ላይ በረዶ እየተናደ ስለ ወደቀ ድልድዮች ተዘጉ። የከተማዋን ውሃ የሚያጣሩትና የሚገፉት ሁለቱ ጣቢያዎች ኃይል አጡ። በታላቅ ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ የተሠራች ከተማ ውሃ ልታጣ ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀራት፤ እሳት ቢነሣም ማጥፊያ አይገኝም ነበር። ኤሌክትሪክ ከሌለ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ የእሳት መከላከያ የለም። በሜዳው ላይ ምሰሶ ምሰሶን እንደ ጣለ፥ በከተማውም ውስጥ ችግር ችግርን ሊጥል ተዘጋጀ። ሠራተኞች ሌት ተቀን ደክመው ኃይሉን ወደ ውሃ ጣቢያዎቹ ስለ መለሱ ከተማዋ ተረፈች።

በዚህ አደጋ ወደ 30 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከሞቱት መካከል ብርድ የገደላቸው ነበሩ፤ በሚወድቅ በረዶና በእሳት ቃጠሎ የሞቱም ነበሩ። ብርድን ሲሸሹ በጭስ የሞቱም ነበሩ። ጄኔሬተርን ወይም ለደጅ የተሠራን ምድጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ ቢያነዱት፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ አየር ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል። ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችንም በብርድ ሌሊት የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ቤተ ሰብ ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ ይህን የምታነብ ልጅ ሆይ፥ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ፤ ከሰል በሚነድበት ቤት መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታም በፊት እሳቱ ወደ ደጅ ይውጣ።

አሁን ደግሞ መውደቁን ስላስቆሙት ሰዎች እንናገር። የእንጨት ምድጃውን ያላስወገደ ሰው በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ባለጸጋ ሆነ፤ በሩንም ከፍቶ ጎረቤቶቹን አስገባ። ለዓመታት አጠገብ ላጠገብ ኖረው ስም የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተኙ። ላም በየቀኑ ካልታለበች ጡቷ ይታመማል፤ ስለዚህ ጄኔሬተር ያለው ገበሬ የራሱን ላሞች ካለበ በኋላ መሣሪያውን ወደ ጎረቤቱ በረት ወሰደው፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ፋብሪካዎች ቆመው ነበርና ከወተቱ ብዙው ፈሰሰ፤ ብዙው ከብት ግን ዳነ። ቡሽርቪል በምትባል ከተማ ደግሞ ሎኮሞቲቭ የሚባለውን የባቡር ጎታች ከሐዲዱ ላይ አውርደው፥ በአስፋልቱ ላይ እየነዱ ወደ ከተማው አዳራሽ ወሰዱትና በሞተሩ ኃይል መብራት አበሩበት። የብረት መንኮራኩሩም አስፋልቱን አረሰው።

መንግሥትም 16,000 ያህል ወታደር አሰለፈ። ወታደሮቹ የያዙት መጋዝና አካፋ ነበር፤ የወደቀውን ዛፍ ቆረጡ፥ መንገድ ከፈቱ፥ የየቤቱንም በር እያንኳኩ ሽማግሌዎችንና ሕመምተኞችን ወደ መጠለያ ወሰዱ። የመስመር ሠራተኞች ከሌሎች የካናዳ ክፍለ ሀገሮችና ከአሜሪካ መጥተው በብርዱ ላይ ምሰሶ ተከሉ። ከሞንትሪያል በስተደቡብና በስተምሥራቅ ያለው አገር ጉዳቱ ስለ በዛበት “የጨለማው ሦስት ማዕዘን” ተባለ፤ በዚያ ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ መብራት ያገኙት ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ከጥፋቱ በኋላ መሐንዲሶች ተቀምጠው መረመሩ። ምሰሶውን ሁሉ ምንም በረዶ እንዳይጥለው አድርገን እንሥራ ቢሉ ወጪው አይቻልም። ስለዚህ ብልህ ነገር አሰቡ። በመስመሩ ላይ ከየአሥሩ ምሰሶ አንዱን ከሌሎቹ ይልቅ ብርቱ አድርገው ሠሩት። ይህ ምሰሶ በተራው ቀን ከጓደኞቹ የተለየ ሥራ የለውም፤ የሚሸከመው ሽቦ ያው ነው። ዘጠኙ ቢወድቁና ሽቦው ወደ አንድ ወገን ቢጎትተው ግን እርሱ ቆሞ ይቀራል፤ መውደቁም ከእርሱ አያልፍም። ከእርሱ ወዲያ ያሉት ይድናሉ።

ወጣቶች ሆይ፥ የዚህ ታሪክ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የሰው ማኅበር እንደዚያ መስመር ነው። ሁላችንም በማይታይ ሽቦ ተያይዘናል፤ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ይደነግጣል፥ አንዱ እህል ሲደብቅ ሌላው ይደብቃል፥ አንዱ ጎረቤቱን ሲረሳ ሌላውም ይረሳል። ክፋት ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ስለ ጎተተው ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጀግና እስኪሆን መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ከአሥር አንድ የሚቆም ከተገኘ ይበቃል። ያ አንድ ሰው ምድጃውን ከፍቶ ጎረቤቱን ያስገባው ነው፤ ጄኔሬተሩን ወደ ሌላው በረት የወሰደው ነው።

የአሥረኛው ምሰሶ ብርታት በመከራው ቀን የሚገኝ አይደለም፤ ሰማዩ ጥሩ በሆነበት ቀን አስቀድሞ የተሠራ ነው። የእኛም አገር ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከወንዝ የሚገኝ ነው፤ የከተማችንም ኑሮ ከቀን ወደ ቀን በሽቦ ላይ እየተደገፈ ሄዷል። በዚህ ልንደሰት እንጂ ልንፈራ አይገባንም። ነገር ግን አዲሱን ስንቀበል አሮጌውን ሁሉ አንጣል። አባቶቻችን ዕድርንና ደቦን የመሠረቱት፥ ሰው ብቻውን የሚቆም ምሰሶ አለመሆኑን ስላወቁ ነው። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ያሉትም በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ፥ መብራቱ ሳይጠፋ፥ የጎረቤትህን ስም እወቅ። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት በሰፈርህ እንዳለች ጠይቅ፤ ውሃ የሚቀዳላት ማን እንደ ሆነ መርምር። ጥቂት ውሃ፥ ጥቂት ማገዶ፥ ጥቂት እህል በቤትህ ይቀመጥ፤ ለራስህ ብቻ ሳይሆን በርህን ለሚያንኳኳውም ጭምር። ጠብታው ሲወርድ ቀላል ነው፤ ሸክም መሆኑ የሚታወቀው ከረጋ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ሽቦው ሲጎትትህ፥ መውደቁ ከአንተ እንዳያልፍ ሆነህ ቁም።